ዳሞታን በንብርብር ማየት፦ የጁሊ ምሕረቱ ሥዕሎችና የእኛ የመልክዓ ምድር ትምህርት

መግቢያ

ባለፈው የትምህርት ዘመን ለማስተማር ልምምድ (ፕራክቲከም) በተመደብኩበት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች «የአካባቢያችሁን መልክዓ ምድር ሳሉ» የሚል የክፍል ሥራ ሰጥቼ ነበር። ልጆቹ ከስልሳ በላይ ናቸው። ወረቀቱን ሰብስቤ ሳየው የአብዛኞቹ ሥዕል በካርቦን የተገለበጠ ይመስላል። ከኋላ ሦስት ማዕዘን የሆኑ ሁለት ተራሮች፣ በመሀላቸው ጨረሯን የዘረጋች ፀሐይ፣ ከታች ጎጆ ቤት፣ ከጎጆው በር እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ። እኔም በልጅነቴ የሳልኩት ይህንኑ ነው፤ አንባቢዬም ቢሆን ሳይስለው አልቀረም።

አንድ ልጅ ግን ወረቀቱን በአራት አግድም መደብ ከፍሎ ነበር የሞላው። ከታች ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡኒ፣ ከእሱ በላይ ወደ ላይ የተሞነጫጨረ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከሁሉም በላይ ግራጫ። ተራራ የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ቤት የለ። «ይሄ ምንድን ነው?» ስለው «ደጃችን ነው ቲቸር» አለኝ። «ደጃችሁ ቤት የለውም እንዴ?» አልኩና 4 ከ10 ሰጠሁት። ልጁም ምንም ሳይል ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሠዓሊ በጁሊ ምሕረቱ ሥራዎች አማካይነት ተፈጥሮና አብስትራክት በአንድ ሸራ ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ማየት ነው። እግረ መንገዳችንን ያችን 4 ከ10ም እንመረምራታለን። ጉዳዩ የሥነ ጥበብ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከዚህ ዲፓርትመንት ስንወጣ አብዛኞቻችን የምንገባው አሁን «ክወናና እይታ ጥበባት» እየተባለ ወደሚጠራው የትምህርት ዓይነት ነው፤ ለልጆች ማርክ የምንሰጠውም እኛው ነን።

«አብስትራክት» ስንል

በመካከላችን በተለምዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፦ መልክዓ ምድር ማለት የሚታየውን መሳል፣ አብስትራክት ማለት ደግሞ የማይታየውን (አንዳንዶች እንደሚሉት «የማይገባውን») መሳል። ሁለቱን በሁለት ሳጥን ዘግተን ከፈተና በፊት እንሸመድዳቸዋለን። እንደ እኔ አስተያየት ግን ለወላይታ ልጅ ነገሩን ለማስረዳት ቡላን ማንሳት ይበቃል። ቡላ ከእንሰት ተፍቆና ተጨምቆ የሚወጣ ነው። ቡላውን ከእንሰቱ ተክል ጎን ብታስቀምጡት በመልክ አይገናኙም፤ ቅጠል የለው፣ ግንድ የለው። ነገር ግን ከእንሰት ውጪ ከሌላ ከምንም አልመጣም። አብስትራክት የሚለው ቃልም በመነሻው «ከአንድ ነገር ስቦ ማውጣት» ማለት ነው።

ፈረንሳዊው ፖል ሴዛን በተወለደበት አካባቢ የሚገኘውን የሴንት ቪክትዋር ተራራ እ.ኤ.አ. በ1906 እስኪሞት ድረስ እየተመላለሰ ሲስለው ኖሯል። በመጨረሻዎቹ ሥራዎቹ ላይ ተራራው ወደ ቀለም ቁርጥራጭነት ሊለወጥ ምንም አይቀረው። ሆላንዳዊው ፒየት ሞንድሪያንም ከ1908 እስከ 1912 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት ዛፍ ደጋግሞ ሣለ፤ በመጀመሪያ ቅርንጫፉ የሚቆጠር ዛፍ፣ ከዚያ ግራጫ መስመሮች፣ በመጨረሻ ዛፍ መሆኑ ሳይነገር የማይለይ የመስመር መረብ። ሁለቱም ከተፈጥሮ አልሸሹም። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ስላዩ ነው እዚያ የደረሱት።

ወደ አገራችን ስንመጣ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ሐረር በ1932 እ.ኤ.አ. ተወልዶ፣ ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምሮ በ1962 ሲመለስና በማግሥቱ ዓመት በአዲስ አበባ ሥራዎቹን ሲያሳይ «ኢትዮጵያዊነት የሌለው» የሚል ትችት ገጥሞታል። ስሙን የያዘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2008 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ጁሊ ምሕረቱ በ2016 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሥራዎቿን ያሳየችው በዚሁ ሙዚየም ነው። እንግዲህ ክርክሩ አዲስ አይደለም፤ ስልሳ ዓመት አልፎታል።

የካርታ ባለሙያ ልጅ

ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ኢትዮጵያዊ የጂኦግራፊ መምህር፣ እናቷ አሜሪካዊት መምህርት ናቸው። በ1977 ቤተሰቡ በዘመኑ ከነበረው ግድያና ሽብር ሸሽቶ ወደ ሚሺጋን ሄደ። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ከካላማዙ ኮሌጅ በ1992፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ከሮድ አይላንድ የዲዛይን ት/ቤት በ1997 አግኝታለች። የሚኖሩትና የምትሠራው በኒው ዮርክ ነው። ስለ ሕይወት ታሪኳ ይህ ይበቃል፤ ለእኛ ጥቅም ያለው አባቷ የጂኦግራፊ መምህር መሆናቸው ነው። ካርታ እኮ መልክዓ ምድር ነው። ተራራን በመስመር፣ ባሕርን በሰማያዊ፣ ከተማን በነጥብ ይተካል። ማንም ግን ካርታን አይቶ «ይሄ ተራራ አይመስልም» ብሎ ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም።

የመጀመሪያ ሥራዎቿ በካርታ፣ በአየር ላይ ፎቶና በሕንፃ ፕላን ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. የሠራችውና በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ዎከር የሥነ ጥበብ ማዕከል የሚገኘው ትልቅ ሥዕሏ የአዲስ አበባንና የሌሎች የአፍሪካ ዋና ከተሞችን ካርታና ሕንፃ አንዱን በሌላው ላይ የደራረበ ነው። የነፃነት ዘመን ሕንፃዎች ከቅኝ ግዛት ዘመን ሕንፃዎች ጋር ተጠላልፈው በላያቸው ላይ ጥቁር ቀለም እንደ ጭስ ይንሳፈፋል።

በ2023 እ.ኤ.አ. ኅዳር አካባቢ አንድ ሥዕሏ ኒው ዮርክ በተካሄደ ጨረታ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ በአፍሪካ ተወላጅ ሠዓልያን ሥራ ታሪክ ከፍተኛው ዋጋ ተብሎ ነበር። እኛ ጋ የደረሰው ወሬ ይኸው ዋጋው ብቻ ነው። ሥዕሉ ምን እንደሚመስል ሲነገር የሰማ ካለ እጁን ያውጣ።

ንብርብሩ እንዴት ይሠራል?

ለእኛ ተማሪዎች ዋናው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ። በመጀመሪያ ሸራው ይዘጋጃል፤ ገጹ እንደ መስታወት እስኪለሰልስ ድረስ ይሞረዳል። ከዚያ የሕንፃ ወይም የካርታ ምስል በፕሮጀክተር ሸራው ላይ ይጣልና መስመሩ በቀለም እስክሪብቶ ይገለበጣል። ይህ አንደኛው ንብርብር ነው። ቀጥሎ ሲሊካ የተባለ የማዕድን ዱቄት የተቀላቀለበት ብርሃን አስተላላፊ አክሪሊክ ላዩ ላይ ይረጭበታል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። አሁን የታችኛው ሥዕል በስስ በረዶ ሥር እንዳለ ነገር ይታያል፤ ላዩ ግን እንደገና ባዶ ነው። በዚህ ባዶ ላይ ሁለተኛው ንብርብር ይሠራል። እንደገና ይሸፈናል፣ ይሞረዳል፣ ይሣልበታል።

ልብ በሉ፤ በዚህ አሠራር ሠዓሊዋ የሳለችውን አታጠፋም፤ ትቀብረዋለች። ተመልካቹም ሥዕሉን የሚያየው ከላይ ወደ ታች፣ አሁን ካለው ወደ ድሮው እየቆፈረ ነው። ርቀትን የምታሳየውም እኛ በተማርነው መንገድ፣ ማለትም የሩቁን አሳንሶ የቅርቡን አተልቆ በመሳል አይደለም። ሩቅ ማለት ጥልቅ ማለት ነው፤ ሩቅ ማለት ቀድሞ የተሣለ ማለት ነው።

በኋለኞቹ ሥራዎቿ ደግሞ የሕንፃው መስመር እየቀረ መጥቶ መነሻዋ ፎቶግራፍ ሆኗል። ፎቶውን በኮምፒውተር ታደበዝዘዋለች፤ ሰው፣ እሳት፣ መኪና፣ ሰማይ የነበረው ሁሉ ቀልጦ የቀለም ጉም ብቻ ይቀራል። ጉሙን ሸራ ላይ አስፍራ በእጇ ጥቁር ጭረት ትጭርበታለች። ያኔ ሥዕሉ አየር ንብረት ይመስላል፤ ዝናብ ሊጥል ያለ ሰማይ።

ጩኸትና ዘመን

ከመልክዓ ምድር ጋር በቀጥታ የሚያያዘው ትልቁ ሥራዋ የሳን ፍራንሲስኮ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያሠራትና በ2017 እ.ኤ.አ. የተሰቀለው «ሃውል፣ ኢዮን» የተባለ ባለ ሁለት ሸራ ሥዕል ነው። የርእሱ ቃላት በአማርኛ «ጩኸት» እና «ዘመን» እንደማለት ናቸው። እያንዳንዱ ሸራ ከ8 ሜትር በላይ ቁመትና ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። እንዲህ ያለ ሸራ የሚያስገባ ስቱዲዮ ስላልተገኘ በሃርለም ሠፈር አገልግሎት ያቆመ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ማንሻ ላይ ቆማ ነው ከአንድ ዓመት በላይ የሠራችው። እዚያው ሕንፃ ውስጥ የጃዝ ፒያኒስቱ ጄሰን ሞራን ከሥዕሉ ጋር የሚሄድ ሙዚቃ ይሠራ ነበር።

ከሥሩ ያለው ምንድን ነው? ሁለት ዓይነት ምስል። አንደኛው ቶማስ ኮል፣ ፍሬድሪክ ቸርችና አልበርት ቢርስታት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሠሯቸው የአሜሪካ መልክዓ ምድር ሥዕሎች ናቸው፤ ወርቃማ ብርሃን፣ ገደል፣ ፏፏቴ፣ ሰው ያልነካው የሚመስል ሸለቆ። ሁለተኛው በአሜሪካ ከተሞች በዘር ጉዳይ የተነሱ የጎዳና ተቃውሞዎች ፎቶግራፍ ነው። ሁለቱን አቀላቅላ፣ አደብዝዛ መደብ አደረገቻቸው።

ለምን እነዚህን አቀላቀለች? እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። ቢርስታት የዮሰሚቲን ሸለቆ በ1860ዎቹ ሲስል ማንም የማይኖርበት ገነት አስመስሎ ነው። ነገር ግን በ1851 የታጠቀ ጦር ወደ ሸለቆው ገብቶ ነባር ነዋሪዎቹን አባሯል። ሥዕሉ ባዶ የሆነው መሬቱ ባዶ ስለነበረ አይደለም፤ ባዶ ስለተደረገ ነው። ስለዚህ ጁሊ «ውብ መልክዓ ምድር» የሚባለውን ወስዳ ከሥሩ የተቀበረውን ጩኸት አብራ ሸራው ላይ አወጣችው ማለት ይቻላል።

«ታዲያ ይህንን ሁሉ ካልነገሩት ተመልካቹ በምን ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። እውነቱን ለመናገር አያውቅም። በዚህ በኩል የአድናቂዎቿ ጽሑፍ አንዳንዴ ከሥዕሉ በላይ ሲያወራ ይታያል። ግን ደግሞ ተመልካቹ የሚያጣው ዝርዝሩን እንጂ ስሜቱን አይመስለኝም፤ ከሥር የሚያበራ ብርሃንና ከላይ የሚራወጥ ጥቁር ጭረት ሲጣሉ ሰላም እንደሌለ ማንም ያያል። እኔ ሥራውን ያየሁት በስልኬ ስክሪን ነው። 10 ሜትር የሚጠጋ ሸራ በመዳፍ ውስጥ ሲታይ ምን ያህሉ እንደሚቀር አንባቢ ይፍረድ።

ወደ ዳሞታ ስንመለስ

እኛስ? ሶዶ ከተማ የዳሞታ ተራራ ግርጌ ላይ ያለች ናት። ሰማዩ በጠራ ጊዜ ከተራራው ላይ ቁልቁል ወደ ሁምቦ ቆላና ወደ አባያ ሐይቅ ማየት ይቻላል። አባያ በሥዕል መጽሐፍ እንዳሉት ሐይቆች ሰማያዊ አይደለም፤ ወንዞች የሚያመጡት ደለል ውስጡ ስለሚንሳፈፍ ወደ ቀይ ቡኒ ያደላል። እኛ ግን በክፍል ውስጥ ሐይቅ ሳሉ ስንባል ሰማያዊ ቀለም ነው የምናነሳው። እንግዲህ ዓይናችንን አላመንንም ማለት ነው።

የዮሰሚቲውን ጉዳይ ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው ደግሞ የራሳችን ፖስት ካርድ ነው። በ1887 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) የካዎ ጦና ሠራዊት ከአፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር የተዋጋውና ብዙ ሕዝብ ያለቀው በዚህችው ምድር ላይ ነው። በሥዕላችን ውስጥ ግን ሜዳው ሁልጊዜ አረንጓዴ፣ ፀሐይዋ ሁልጊዜ ፈገግተኛ ናት። ሩቅ ሳንሄድ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከነሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ እርጥብ ቀይ ተዳፋት ሳይ እንደ ድሮው «ያምራል» ብዬ ብቻ አላልፍም።

ንብርብር ስል የቀብሩን ብቻ ማለቴ አይደለም። የሁምቦን ኮረብታዎች እንመልከት። ዛፋቸው ተጨፍጭፎ የተራቆቱት ኮረብታዎች ከ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ከከብትና ከመጥረቢያ ተከልለው እንዲያገግሙ ተደርጓል፤ ፕሮጀክቱም 2,728 ሄክታር ይዞ በ2009 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቧል። የሚገርመው ደኑ በአብዛኛው በችግኝ ተከላ አለመመለሱ ነው። ከአፈሩ ሥር በሕይወት የነበረው ጉቶ አቆጥቁጦ፣ ገበሬው ቀንበጡን እየመረጠና እየገረዘ ነው ዛፍ የሆነው። የታችኛው ንብርብር ተሸፍኖ ነበር እንጂ አልጠፋም ነበር ማለት ነው። ይህን በሦስት ማዕዘን ተራራና በፀሐይ እንዴት አድርገን ልንስለው ነው?

አሁን ወደዚያ ልጅ እንሂድ። የወላይታ ገበሬ መሬቱን ለሁለት ይከፍለዋል። በቤቱ ዙሪያ ያለው ዳርኮዋ ይባላል፤ ፍግና አመድ ሲጨመርበት የኖረ፣ የጠቆረ፣ እንሰቱና ጓሮው የሚበቅልበት አፈር ነው። ራቅ ያለው ሾቃ ይባላል፤ ፍግ የማይደርሰው፣ ቀይነቱ እንዳለ የሚታይ የእህል ማሳ። ይህንን ከመምህራችን ሌክቸር ላይ ስሰማ ድንገት ያ ወረቀት ትዝ አለኝ። ጥቁር ቡኒ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ግራጫ። ዳርኮዋው፣ እንሰቱ፣ ሾቃው፣ የክረምት ሰማይ። አንድም ነገር አልዘለለም!

ቅዳሜ ዕለት በሠፈሩ ሳልፍ ቤታቸውን አይቼዋለሁ። ከበራቸው ላይ ሆኖ ወደ ውጪ ለሚመለከት ሰው የሚታየው በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ቤቱ ሥዕሉ ላይ የሌለው ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ስለሚያይ ነበር። ማንም ሰው የቆመበትን ቤት ከውጪ አያየውም። ሌሎቹ ስልሳ ልጆች ጎጆውን ከውጪ የሳሉት ቤታቸውን አይተው ሳይሆን ከመማሪያ መጽሐፍ ገልብጠው ነው። ለእነሱ 8 እና 9 ሰጥቻለሁ። ማርክ ሊስቱ ለት/ቤቱ ገቢ ከተደረገ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። ሄጄ አስተካክሉልኝ ብልም የተዘጋ ሮስተር አይከፈትም ተባልኩ።

እዚህ ላይ ላለመጋነን አንድ ነገር ልበል። ልጁ ጁሊ ምሕረቱ ነው እያልኩ አይደለም። ባለ አራት መደብ ወረቀት የሠራ ሁሉ አብስትራክት ሠራ ማለትም አይቻልም፤ ሰነፍ ተማሪም አራት ቀለም ቀብቶ «ደጃችን ነው» ሊል ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ግን በመጠየቅ ነው። «ይሄ ቀዩ የት ነው? ለምን ከአረንጓዴው በላይ ሆነ?» ብለው ሲጠይቁት ያየ ልጅ ይመልሳል፤ ያላየው ይንተባተባል። የእኔ ጥፋት ጥያቄውን «ቤት የለውም እንዴ?» ላይ ማቆሜ ነው።

ለክፍል ውስጥ ሥራ

ከላይ የተገለጸውን የንብርብር አሠራር በእኛ አቅም መሞከር ይቻላል ወይ? አክሪሊክና ሲሊካ ከየት ይመጣል? በዚህ ረገድ የሚያበረታታን ኤልያስ ስሜ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ይህ ሠዓሊ የተጣለ የኮምፒውተርና የስልክ ሽቦ እየጎነጎነ በሚሠራቸው ሰፋፊ ሰሌዳዎች በዓለም ይታወቃል። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላሉ። ቀለም ሱቅ ሄዶ ያልተገዛ ነገር ሁሉ ቀለም መሆን ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ሐሳብ ተነሳስተን እኔና አራት የክፍል ጓደኞቼ በአንድ ቅዳሜ የሞከርነውን ላካፍላችሁ። ወፍራም ካርቶን ላይ ዳሞታን ከግቢው በር ሆነን በከሰል ሣልን። በላዩ ላይ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ቀባንና አደረቅነው። ኮላው ሲደርቅ ብርሃን ስለሚያስተላልፍ ከሰሉ ከሥር ይታያል። ቀጥሎ የተነፋ ቀይ አፈር ከኮላ ጋር ለውሰን በጨርቅ ቀባን፤ ሲደርቅ ሶፋ ከሚሠሩ ልጆች በለመንነው ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈገፈግነው። በየፍግፈጋው ከሰሉ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። በሦስተኛው ንብርብር የእንሰት ቃጫ የለጠፈም ነበር።

ያበላሸነውንም ልንገራችሁ። ኮላ ያልገባበት አፈር ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ይረግፋል፤ ከሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ ኮላ ያህል ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ንብርብር በደንብ ሳይደርቅ ከተፈገፈገ ካርቶኑ ይላጣል። እርሳስ ከሥር ከሆነ አይታይም፤ ከሰል ወይም ቀለም ይሻላል። አንደኛዋ ጓደኛችን አባያን በአፈር ቀለም ስትሠራ ብርጭቆ ወረቀቱን አጥብቃ ካርቶኑን በሳችው። ተናደደችና ልትጥለው ስትል ከኋላ ሌላ ካርቶን ለጠፍንላት፤ ቀዳዳው ውስጥ የታየው የኋለኛው ካርቶን ላይ የነበረው የዘይት ፋብሪካ ማኅተም ነው። እሷም አላጠፋችውም። ከአምስታችን ሥራ ዲፓርትመንት ኮሪደር ላይ ሰው ቆሞ የሚያየው እሱን ነው፤ አሁንም ከማስታወቂያ ሰሌዳው ቀጥሎ ተሰቅሏል።